ኒኮላይ ቫቪሎቭና ዘር ጠባቂዎቹ

ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1880 ዓ.ም. ሞስኮ ተወለዱ። የግብርና ተማሪ ሳሉ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሠሩት አዝመራ በሚያበላሽ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ ላይ ነው። ቀጥለውም አንዱን ስንዴ ዋግ ሲመታው አጠገቡ ያለው ለምን እንደሚተርፍ መረመሩ። ሰብልና በሽታ ለብዙ ዘመን አብረው በኖሩበት አገር በሽታውን የሚቋቋም ዘር ይገኛል አሉ። የስሪንቃ ተመራማሪዎችም አቀንጭራን የሚችል ማሽላ የሚፈልጉት በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

በ1919 ዓ.ም. አገራችን መጥተው ራስ ተፈሪን አነጋገሩ፤ በበቅሎ እየተጓዙም በሺህ የሚቆጠር የስንዴ፣ የገብስና የሌላም ሰብል ዘር ሰበሰቡ። ግምታቸው ልክ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ቫይረስ የመቋቋም ባሕርይ ኋላ የካሊፎርኒያን ገብስ ታድጓል።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሰው ማፍራታቸው ነው። በሳራቶቭ ካስተማሯቸው ወጣቶች ብዙዎቹ በ1913 ዓ.ም. ተከትለዋቸው ኋላ ሌኒንግራድ ወደተባለችው ከተማ ሄዱ፤ በዚያም የዓለም ሰብል ዘር የሚከማችበትን ተቋም አብረው አሳደጉ። በ1932 ዓ.ም. መንግሥት ቫቪሎቭን አሰራቸው። ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም. እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተዳክመው አረፉ።

በዚያው ሰሞን ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቧ በረሃብ ያልቅ ነበር። የተቋሙ ባለሙያዎች እህሉን አጠገባቸው አስቀምጠው አልነኩትም። የሩዝ ዘር ኃላፊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በሩዝ እሽጎች መካከል በረሃብ ሞተ። በ1977 ዓ.ም. ለዘር ያስቀመጣትን ቁና ማሽላ እያየ ያደረ የሀብሩ ገበሬ የዚህን ክብደት ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ተቋሙ ዛሬም በቫቪሎቭ ስም ይጠራል።