ከመምህራን ጋር በአንድ ገበታ የተቀመጠው ካህን



ባለፈው ዓመት አንድ ቀን የክፍላችን ኃላፊ መምህር ወደፊት ምን ለመሆን እንደምናስብ ጠየቁን። ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ አውሮፕላን አብራሪ፥ ነጋዴ ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ በየተራው እጁን አወጣ። መምህር ለመሆን የሚሻ ማን እንደ ሆነ በተጠየቅን ጊዜ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎም ከኋላ በኩል ሳቅ ተሰማ። እኔ እጄን ላወጣ ተነሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ሳቁን በሰማሁ ጊዜ አፈርሁና እጄን ከዴስኩ በታች ደበቅሁ። ጠያቂውም ራሳቸው መምህር ናቸውና በዚያች ሰዓት ፊታቸውን ለማየት አልደፈርሁም። ይህን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው ያን ቀን ያላወጣሁትን እጅ ዛሬ ለማውጣት ነው።

ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርሁት በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው። ከመማሪያ ክፍላችን በር አጠገብ ጥቁር ልብስ የለበሰ፥ ሕፃናት የከበቡት የአንድ ካህን ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ጧትና ማታ በሥዕሉ ሥር ሳልፍ ማን እንደ ሆነ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ካፈርሁበት ቀን በኋላ ግን ነገሩ ትዝ አለኝና ታሪኩን ፈልጌ አነበብሁ። ይኸውም ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደ ላ ሳል በ1651 ዓ. ም. ሚያዝያ ወር ራንስ በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ የንጉሥ ፍርድ ቤት ዳኛ፥ ቤተ ሰቡም ሀብታምና የተከበረ ነበር። ገና 16 ዓመት ሳይሞላው በ1667 በከተማው ካቴድራል ካኖን የሚባለውን ትልቅ ማዕረግ ተቀበለ፤ ይህም ማዕረግ ክብርና የማያቋርጥ ገቢ ነበረው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ፓሪስ ከሄደ በኋላ በ1671 እናቱ፥ በ1672 አባቱ ሞቱበት። ገና 21 ዓመት ሳይሞላው ታናናሾቹን ለማሳደግ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህም ሆኖ አጥንቶ በ1678 ቅስና ተቀበለ፤ በ1680ም በትምህርተ መለኮት የዶክተርነትን ማዕረግ አገኘ።

እስከዚህ ድረስ ሕይወቱ የአንድ የደላው ሰው ሕይወት ነበር። በ1679 ግን አድሪያን ኒየል የሚባል ሰው ከሩዋን ከተማ ወደ ራንስ መጣ፤ አሳቡም ለድሆች ልጆች ያለ ክፍያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለመክፈት ነበር። ደ ላ ሳል ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሊረዳው ተስማማ። በዚያን ዘመን የድሆችን ልጆች የሚያስተምሩ ሰዎች በቂ ትምህርት ያልነበራቸው፥ ደመወዛቸው አነስተኛ፥ በሰው ዘንድም የተናቁ ነበሩ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ መሰከረው፥ በመጀመሪያ እነዚህን መምህራን ይመለከታቸው የነበረው ከገዛ አሽከሩ በታች አድርጎ ነው። ከእነርሱም ጋር አብሮ መኖር እንደሚመጣ ቢያውቅ ኖሮ ነገሩን ከቶ አይጀምረውም ነበር።

ነገር ግን መምህሩ ካልታነጸ ተማሪው እንደማይታነጽ ተገነዘበ። ስለዚህም በመጀመሪያ በቤቱ አቅራቢያ ቤት ተከራየላቸው፤ ቀጥሎም ከገበታው አቀረባቸው፤ በመጨረሻም በ1681 በቤቱ እንዲኖሩ አደረገ። ዘመዶቹ ይህ ለቤተ ሰባችን ውርደት ነው ብለው እጅግ ተቈጡ፤ ታናናሽ ወንድሞቹንም ከእርሱ ለይተው ወሰዱ። እርሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት የአባቱን ቤት ትቶ ከመምህራኑ ጋር ወደ ኪራይ ቤት ገባ።

መምህራኑ ስለ ነገ ኑሮአቸው በሚጨነቁበት ጊዜ በእግዚአብሔር እንዲታመኑ ይመክራቸው ነበር። እነርሱም ባለጠጋ ሰው እንዲህ ብሎ ለመምከር እንደማይቸገር፥ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ለልመና የሚወጡት ግን እነርሱ እንደ ሆኑ በግልጽ ነገሩት። ይህ ነገር ልቡን ወጋው፤ እውነት ነበርና። በ1683 የካኖንነቱን ማዕረግ ተወ፤ ለሥጋ ወንድሙም ሳይሆን ለአንድ ድሀ ካህን ለቀቀለት። ከ1684 እስከ 1685 ረኃብ በሆነ ጊዜም ሀብቱን በዳቦ እየለወጠ ለድሆች አከፋፈለ። ከዚህም በኋላ የሚኖረው እንደ መምህራኑ ሆነ። እነርሱም ወንድሞች ተብለው ይጠሩ ጀመር፤ እኛ ዛሬ ብራዘሮች የምንላቸው ከዚያ የተገኙ ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ መማሪያ ክፍሉ እንግባ። በዚያን ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ ወደ ራሱ እየጠራ ያስነብብ ነበር፤ አንዱ ሲያነብ የቀሩት ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ ወይም ይረብሻሉ። ንባብም የሚጀመረው ልጆቹ በማይናገሩት በላቲን ቋንቋ ነበር። የድሀ ልጅ ደግሞ ለሥራ ስለሚፈለግ ላቲኑን ሳይጨርስ ትምህርቱን ይተዋል፤ ስለዚህ ምንም ሳያነብ ይቀራል። ደ ላ ሳል ግን ልጆቹን በችሎታቸው መድቦ ለአንድ ምድብ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ሰጠ፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌሎቹ በዓይናቸው ይከተላሉ፤ መምህሩም በድንገት ሌላውን ይጠራል። ንባቡም በሚናገሩት በፈረንሳይኛ እንዲጀመር አደረገ።

መምህሩ እንዳይጮኽ ቀጭ የምትል ትንሽ የእንጨት ምልክት በእጁ ይይዝ ነበር። የእያንዳንዱ ተማሪ ጠባይና ትምህርት በመዝገብ ይጻፋል። ከተማሪዎቹ አንዱ የቀሩትን ልጆች በየቤታቸው እየሄደ ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ ከተረፋቸው ልጆች ዳቦ ሰብስቦ ምግብ ላላመጡት ያካፍላል። ቅጣት በዚያ ዘመን ልማድ ፈጽሞ ባይቀርም፥ በቁጣ እንዳይሆንና ብዙ ጊዜ እንዳይደረግ በጥብቅ ታዘዘ። ይህ ሁሉ ሥርዓት የተጻፈበት መጽሐፍ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1720 ታተመ።

ይህን ሳነብ አምስተኛ ክፍል ትዝ አለኝ። የእንግሊዝኛ ንባብ ይከብደኝ ነበርና ተራዬ ሲደርስ ሕመም እንደ ያዘኝ አስመስዬ አቀረቅር ነበር። መምህራችን ይህን አስተውለው ከእኔ ጋር እኩል ከሚያነቡ አምስት ልጆች ጋር መደቡኝ፤ በየቀኑም ሁለት ሁለት መስመር ብቻ ያስነብቡኝ ነበር። እስከ ፋሲካ ድረስ አንድ ገጽ ሳልደናቀፍ ማንበብ ቻልሁ። ያን ጊዜ የመምህራችን ደግነት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከ300 ዓመት በላይ ተሻግሮ እኔ ዘንድ የደረሰ ጥበብ ኖሮአል።

የደ ላ ሳል መንገድ ግን የተመቸ አልነበረም። በ1688 ወደ ፓሪስ ሄዶ ማስተማር ከጀመረ በኋላ ብዙዎች ወንድሞች ማኅበሩን ጥለው ሄዱ፤ እርሱም በጽኑ ታመመ። በ1691 ከሁለት ወንድሞች ጋር፥ ዳቦ ብቻ እየበሉ ለመኖር ቢገደዱ እንኳ ሥራውን እንዳይተዉ ተሳሉ። እያስከፈሉ ጽሕፈት የሚያስተምሩ መምህራን ገበያችንን ወሰደብን ብለው ከሰሱትና በ1704 ተፈረደበት። ከጊዜ በኋላ ለማኅበሩ እንቅፋት የሆንሁ እኔ ነኝ ብሎ አዝኖ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ራቀ። ነገር ግን በ1714 በፓሪስ ያሉት ወንድሞች በስእለቱ መሠረት እንዲመለስ በደብዳቤ አዘዙት። መሥራቹም የገዛ ደቀ መዛሙርቱን ትእዛዝ ተቀብሎ በነሐሴ ወር ተመለሰ። አስቀድሞ ከአሽከሩ በታች ያያቸው ለነበሩት መምህራን መታዘዙን ስናስብ፥ የተጓዘው መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደ ነበር ይገባናል።

በ1717 አመራሩን ለሌላ ወንድም አስረክቦ፥ ሚያዝያ 7 ቀን 1719 በስቅለት ዕለት በሩዋን ከተማ ዐረፈ። በ1900 ቅድስናው ታወጀ፤ በ1950ም የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ተብሎ ተሰየመ። ወንድሞቹም በአገራችን በአዲስ አበባና በአዳማ ትምህርት ቤቶችን አቋቁመው ብዙ ተማሪዎችን አፍርተዋል።

ወላጆች ሆይ፤ መምህርነት ሀብት እንደማያስገኝ እኔም አውቃለሁ። አባቴ ሐኪም እንድሆን ስለሚመኙ ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት አነበብሁላቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና የአምስተኛ ክፍል መምህሬ አሁን የት እንዳሉ ጠየቁኝ። እስካሁን አልፈቀዱልኝም፤ ይሁን እንጂ አልከለከሉኝም።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ በዚህ ዓመት ያ ጥያቄ ደግሞ ቢጠየቅ እጄን አወጣለሁ። የሚስቅ ቢኖርም ይሣቅ። መምህራችን ግን ቢያንስ አንድ እጅ ያያሉ።