ዳግማዊ ምኒልክና የልጆች ትምህርት

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው ተማርከው በመቅደላ አደጉ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

በዘመናቸው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በግርጌው ቆመ። በዚያም በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተቈረቈረች። ለባቡሩም ለመንግሥቱም ሥራ ቋንቋና ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አስፈለገ፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን ጥቂት ነበረ።

ስለዚህ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ፥ ወንድም ሴትም፥ እንዲማር ዐዋጅ አስነገሩ። ልጁን ከትምህርት ያስቀረ አባት ሲሞት ሀብቱ ለመንግሥት እንዲሆን አዘዙ። ቅጣቱ ጽኑ ነው፤ የቀረው ልጅ ፊደሉንም የአባቱንም ገንዘብ ያጣልና።

ብዙ ሰዎች ግን አዲሱ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ፈሩ። ምኒልክም ፍርሃቱን ለማራቅ መምህራንን ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን አስመጡ። በአዲስ አበባ በስማቸው የተጠራው ተማሪ ቤት ተከፈተ፤ ለሐረርም መምህር ተላከ። የድሬዳዋ ልጅ ወደዚያ ለመድረስ ባቡሩ ያልወጣውን ዳገት መውጣት ነበረበት። በሩቅ ገጠር ከብት የሚጠብቀውማ ዐዋጁን ቢሰማ እንኳ የሚገባበት ደጅ አልነበረውም።

ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ታመው በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ።