ብርሃንን የመዘነው ሊቅ ፒዮትር ሌቤዴቭ

ብርሃን በሚያርፍበት አካል ላይ ግፊት እንደሚያሳድር ጀምስ ክላርክ ማክስዌል በ1873 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንዲሁ) በሒሳብ አመለከተ። ግፊቱ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። የቀትር ፀሐይ በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ባለ አንድ ሜትር ካሬ የጠቆረ ቆርቆሮ ጣራ ላይ በቀጥታ ብታርፍ፣ የምታሳድረው ግፊት የአንድ ሚሊግራም ክብደት ሲሶ ያህል ነው። ይህን ጥቃቅን ኃይል በመሣሪያ የለካው ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒዮትር ኒኮላዬቪች ሌቤዴቭ ነው።

ሌቤዴቭ በ1866 በሞስኮ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በዚያችው ከተማ ምሕንድስና መማር ቢጀምርም ሳይፈጽም ወደ ጀርመን ተሻገረና በ1891 በስትራስቡርግ የዶክትርነት ማዕርግ ተቀበለ። የምሕንድስናው ዘመን ግን በከንቱ አልባከነም፤ ኋላ በገዛ እጁ የሠራቸው መሣሪያዎች ይመሰክራሉ።

በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የብርሃንን ግፊት ለመለካት ሲነሣ ዋናው ጠላቱ ሙቀት ነበር። ብርሃን ያረፈበት ስስ ክንፍ ስለሚሞቅ፣ በመስተዋቱ ዕቃ ውስጥ የቀረው አየር ከብርሃኑ በበለጠ ኃይል ይገፋዋል፤ ከእርሱ በፊት የሞከሩትም የተሰናከሉት በዚህ ነው። ሌቤዴቭ ክንፎቹን ሙቀት ቶሎ ከሚያሳልፍ ስስ ብረት ሠርቶ በቀጭን ክር አንጠለጠላቸውና ብርሃኑን በተራ ከፊትና ከኋላ አሳረፈባቸው። በዕቃው ውስጥ የሜርኩሪ ጠብታ አኑሮ በጥቂቱ አሞቀው፤ እንፋሎቱ የቀረውን አየር ጠርጎ ካወጣ በኋላ እንፋሎቱን ራሱን በብርቱ ቅዝቃዜ አረጋው። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ የፊዚክስ ጉባኤ ላይ ያቀረበው ውጤት ከማክስዌል ስሌት የተለየው ከመቶ 20 ገደማ ነበር። ብርሃን ጋዝንም እንደሚገፋ ለማሳየት ደግሞ ዐሥር ዓመት ያህል ደከመ፤ ይህም ሥራ በ1910 ታተመ።

በ1911 የትምህርት ሚኒስትሩ ካሶ ፖሊስ በዩኒቨርሲቲው ጣልቃ እንዲገባ በማድረጉና ሬክተሩን ከነምክትሎቹ በመሻሩ፣ ከመቶ በላይ መምህራን ሥራቸውን ለቀቁ። ሌቤዴቭም አንዱ ነበር። የልብ በሽተኛ ሆኖ፣ ጡረታ ሳይኖረው፣ ቤተ ሙከራውንም መኖሪያውንም በአንድ ፊርማ ተወ። ወደ ስቶክሆልም ቢጋበዝም ተማሪዎቹን ጥሎ አልሄደም። በበጎ አድራጊዎች ገንዘብ በአንድ ቤት ምድር ቤት ቤተ ሙከራ አቋቁሞ ቀጠለ፤ በመጋቢት 1912 በ46 ዓመቱ ዐረፈ።

እርሱ የለካው ግፊት በ1933 ኦቶ ፍሪሽ የሶዲየም አቶሞችን ጅረት በብርሃን ከመንገዱ ሲያስት እንደገና ታየ። ሌዘር ከተፈጠረ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ሌቤዴቭን ያስቸገረውን ሙቀት ብርሃኑ ራሱ የሚቀንሰው ሆነ። የሌዘሩ ድግግሞሽ አቶሙ ከሚቀበለው ጥቂት ዝቅ ሲደረግ፣ ወደ ብርሃኑ የሚገሰግሰው አቶም ድግግሞሹ ከፍ ብሎ ስለሚደርሰው ብርሃኑን አብዝቶ ይቀበላል፤ በተቀበለ ቁጥርም ፍጥነቱ ይቀንሳል። በ1985 ስቲቨን ቹና ባልደረቦቹ በስድስት አቅጣጫ በሚመጡ የሌዘር ጨረሮች የሶዲየም አቶሞችን ከፍጹም ዜሮ በላይ ወደ 240 ሚሊዮንኛ ኬልቪን አወረዱ። በ1987 ከመሐል በራቁ መጠን የሚበረታ መግነጢሳዊ መስክ ተጨመረና አቶሞቹ በአንድ ስፍራ ታገቱ። ቹ፣ ክሎድ ኮኸን-ታኑጂና ዊሊያም ፊሊፕስ በ1997 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከቻርልስ ታውንስ ጋር ለሌዘር መሠረት በመጣላቸው በ1964 የተሸለሙት ባሶቭና ፕሮኮሮቭ ይሠሩ የነበረው፣ በሞስኮ በሌቤዴቭ ስም በሚጠራው የፊዚክስ ተቋም ነበር።