ሽለላን በሳክስፎን ያገሱት ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ

ደብረ ታቦር በገበያ ቀን ሰልባጅ ተራ ብትዞሩ፣ ጥቁር ቲሸርት ላይ አጥንቱ የወጣ ጭራቅ ተስሎ ማየታችሁ አይቀርም። ጭራቁ ኤዲ ይባላል። አይረን ሜይደን የሚባለው የእንግሊዝ ሄቪ ሜታል ባንድ ምልክት ነው። የባንዱን አንድ ዘፈን ሳይሰማ ቲሸርቱን ለብሶ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ እናውቃለን፤ ሲጠየቅ ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ ለብርዱ ይሻላል ነው የሚለው። እውነቱን ነው፣ የጉና ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ባንዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን አድናቂዎቹ እስከዛሬ ይጨቃጨቃሉ። የትኛው ዓመት ጉዞ ይበልጣል? በዚያ ምሽት የትኛው ዘፈን ቀረ? የትኛውስ ሳይገባው ገባ? እኛ ደግሞ በቅርቡ ልክ እንደዚህ ዓይነት ክርክር ገጥመን ሻይ ቤት ውስጥ ተጯጯህን። የተጯጯህነው ግን በእንግሊዞቹ አይደለም። በአንድ ይፋቴ ነው፣ በጋሽ ጌታቸው መኩሪያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ጓደኛችን ስልኩን ከስፒከር ጋር አገናኝቶ ሁለት ቅጂ አከታትሎ ለቀቀ። አንደኛው ጋሽ ጌታቸው በ1960ዎቹ የቀረጹት፣ ኦርጋን ከኋላ የሚያንጎራጉርለት ሳክስፎን ነው። ሁለተኛው ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ከደች ፓንክ ባንድ ጋር የተጫወቱት ነው፤ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ከበሮው ይደበድባል። ግማሾቻችን የመጀመሪያው ነው ሙዚቃ፣ ሁለተኛው ጫጫታ ነው አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ሰውዬው ራሳቸውን ያገኙት ሁለተኛው ላይ ነው አልን። ክርክሩን ለመፍረድ የሰውየውን ሕይወት ከሥሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጋሽ ጌታቸው የተወለዱት በ1927 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ፣ ይፋት ነው። መጀመሪያ የያዙት ሳክስፎን አይደለም፤ ክራርና ማሲንቆ ነው። ይህን ልብ በሉልን፣ በኋላ ይመጣል። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ጓድ ገቡ። ክላርኔትና ሳክስፎን የእጃቸው ሥራ ሆነ። በ1948 ዓ.ም ንጉሡ የነገሡበትን 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ሲከፈት፣ ጋሽ ጌታቸው ወደ ቴአትሩ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። በዚያን ጊዜ አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ሙዚቀኞቹን ኖታ እያስጠና፣ ያገራችንን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ያቀናብር ነበር። ሥርዓት ያለው፣ ሁሉም ወረቀቱን እያየ የሚነፋበት ቤት ነበር።

ታዲያ እዚያ ሥርዓት መሀል አንድ ሰው ተነስቶ በሳክስፎን ሸለለ።

ሽለላ ምን እንደሆነ ለደብረ ታቦር ልጅ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ግን ሌላ አገር ሆናችሁ ለምታነቡ፦ ሽለላ ጀግና ወደ ጦር ሲሄድ ወይም ሲመለስ የሚወርድ ዜማ ነው። ምት አይቆጠርበትም። አዝማሪው ድምፁን ከላይ ይይዛል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይጎትተዋል፣ ከዚያ እንደ ገደል ድንጋይ ወደ ታች ይለቀዋል። ማሲንቆው አንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ብቻ ይዞ ከሥር እየፋቀ ይከተላል። ሰሚው ደሙ ይፈላል፤ ተነስቶ እየተንጎራደደ ይፎክራል።

ጋሽ ጌታቸው ይህንን ነው ወደ ብረት ያስገቡት። ማሲንቆ ያውቁ ስለነበር ሳክስፎኑን እንደ ማሲንቆ ፋቁት፤ ሽለላ ያውቁ ስለነበር እንደ ሰው ጉሮሮ አንቀጠቀጡት። ድምፁ ይሻክራል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴም ሊሰነጠቅ ይደርሳል። መድረክ ላይ ደግሞ እንደ ጥንት ጦረኛ ካባ ደርበው፣ ራሳቸው ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ይወጡ ነበር። ሄቪ ሜታል ባንዶች በጭራቅና በእሳት መድረክ ማስጌጥ ከመጀመራቸው ስንት ዓመት በፊት መሆኑን እናንተው ቁጠሩት።

የውጭ ሰዎች በኋላ ይህን ሲሰሙ ኦርኔት ኮልማን ወይም አልበርት አይለር ነው የመሰላቸው። እነዚህ አሜሪካውያን የጃዝን ደንብ አፍርሰው በነፃ የነፉ ሳክስፎኒስቶች ናቸው። ግን ጋሽ ጌታቸው በሳክስፎን መሸለል የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንደሆነ ነው የሚነገረው። የኮልማን የመጀመሪያ አልበም የወጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። እና አዲስ አበባ ላይ ማንም ማንንም አልኮረጀም። የእሳቸው መነሻ አዝማሪ ነው፣ በቃ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ገቡ። በነዚያ ዓመታት የታወቁ ዘፋኞችን አጅበው ቀርጸዋል፤ ዓለማየሁ እሸቴን፣ ሂሩት በቀለን፣ አያሌው መስፍንን የመሳሰሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ በፊሊፕስ ስም የራሳቸው ሸክላ ወጣ። ዘፋኝ የለበትም፤ ሳክስፎኑ ነው ዘፋኙ። ሻይ ቤት መጀመሪያ የሰማነው ይሄ ነው። አንቺ ሆዬ አለበት፣ አምባሰል አለበት፣ ሽለላም አለበት። አካሌ ውቤ የሚለውን ዜማ ደግሞ ብዙ ዓመት ቆይቶ ፓሪስ ያሉ ፈረንሳዮች ወደዱትና ለባንዳቸው መጠሪያ አደረጉት።

ደርግ መጣ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ። ብዙ ባንድ ተበተነ፣ ብዙ ሰው ተሰደደ። የመንግሥት ደመወዝተኛ ሙዚቀኛ ግን ሥራ ነበረው። ይህን ዘመን በዚሁ እንለፈው።

ከዚያ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የድሮ ሸክላዎችን እየሰበሰበ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ማሳተም ጀመረ። (የአሳታሚው ድርጅት ስም ቡዳ ሙዚክ ነው። አትሳቁ፣ እኛ ስቀን ጨርሰናል።) እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 14ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የጋሽ ጌታቸው ሆነ፤ የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ በሚል ርዕስ። ሸክላው ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።

ወደ ዘ ኤክስ እንምጣ። ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተመሠረተ የፓንክ ባንድ ነው። ሜታል አይደለም፤ ሜታል የሚወዱ ጓደኞቻችን እንዳይቆጡን። የሜታል ጊታሪስት ጣቱ እንደ ስፌት መኪና ይሠራል፤ እነዚህ ግን ጊታሩን መዶሻ ነው የሚያደርጉት። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው በየከተማው ዞረው ተጫውተዋል። በ2004 የባንዱን 25ኛ ዓመት ሲያከብሩ ጋሽ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዟቸው። እዚያ ኢንስታንት ኮምፖዘርስ ፑል ከሚባል የጃዝ ስብስብ ጋር ተጫወቱ። ዘ ኤክስንም ሰሙ፤ ሰምተውም እናንተ አጅቡኝ አሉ። ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ ዕድሜያቸውን በቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያሳለፉ አባት፣ ከዓለም ባንድ ሁሉ ፓንኮችን መረጡ።

ከክርክራችን ውስጥ ወሳኙ ይሄ ይመስለናል። ሽማግሌውን ፈረንጆች ወስደው ጫጫታቸው ውስጥ ከተቷቸው የሚል ወገን አለ። እንደዛ አይደለም። ጠያቂው እሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሞዓ አንበሳ የሚለው አልበም ወጣ። የዘፈኖቹን ዝርዝር እዩት፦ ኢትዮጵያ ሀገሬ፣ ቼ በለው ሽለላ፣ ትዝታ፣ ግርማ በየነ የደረሰው ሙዚቃዊ ስልት። ለሆላንድ ወጣት እንዲመች የተሠራ የለበትም። ዜማው ያው የእኛ ነው፤ የተቀየረው ከሥሩ ያለው መሬት ነው። በድሮው ሸክላ ኦርጋኑ ለስለስ ብሎ መንገድ ይለቅላቸዋል። በአዲሱ ግን ጊታሩ ይገጥማቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ከሱ በላይ ይጮሃሉ። ሽለላ ደግሞ ብቻውን ሲሆን አይሞቅም፤ ዙሪያው የሚያጨበጭብ፣ መሬት የሚረግጥ፣ በለው የሚል ሰው ይፈልጋል። ጥር 25 መርቆሬዎስ ሲነግሥ የፈረስ ጉግስ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። የካትሪና ቦርነፌልድ ከበሮ ለኛ ጆሮ ያን የፈረስ ኮቴ ነው። ስለዚህ እኛ ድምፃችንን ለሁለተኛው ሰጥተናል።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮች አብረው ዞሩ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ክረምት ኒውዮርክ፣ ሊንከን ሴንተር ላይ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ በቀረቡበት ምሽት እሳቸውም ከዘ ኤክስ ጋር ነፍተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ ጣል እናድርግ። ሄቪ ሜታል ማለት በቀጥታ ከባድ ብረት ማለት ነው። የመጀመሪያው ከባድ ብረት ደግሞ ከኛ ከተማ አጠገብ ጋፋት ላይ ነው የቀለጠው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ በመጡ የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ፣ 7 ቶን ገደማ። ከፈረንጅ ጋር ሆኖ ትልቅ ድምፅ ለማውጣት መሞከር እንግዲህ ለኛ ሰፈር አዲስ አይደለም።

ቀልዱ ግን ወደ ሌላ ነገር ወሰደን። እኛ ዕድሜ ያለን ልጆች ሽለላን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስልክ ላይ ነው፣ ከጦር ቪዲዮ ሥር ተለጥፎ። በሰርግም በቀብርም የሚወርድ ዜማ መሆኑን እየረሳነው ነው። ሲሰማ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ይመጣል፤ ቀጥሎ የማን ልጅ ይሆን የሚል። ጋሽ ጌታቸው ያደረጉትን ስናስበው የገረመን ይሄ ነው፦ ቃሉን አወጡት። ሳክስፎን የማንንም ስም አይጠራም። ጠላት የለበትም፣ ግዳይ የለበትም፤ የቀረው ወኔው ብቻ ነው። አምስተርዳም ያለው ልጅ ሲሰማው ይዘልላል እንጂ በማንም ላይ አይዘምትም።

ይህን ሐሳባችንን ከተማችን ውስጥ ለሚጫወቱ አንድ አዛውንት አዝማሪ ነገርናቸው። አልተስማሙም። ቃል ከሌለው ሽለላ አይባልም አሉን። ሽለላ ሥራው መጥራት ነው፤ የአባትን ስም፣ የፈረስን ስም፣ የተዋለበትን ቦታ። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ ካላሉ ምኑን ሸለሉት? ስም ከወጣ የሚቀረው ጩኸት ነው ብለው ማሲንቆአቸውን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እኛም አልመለስንላቸውም። ዕድሜያቸውን በዚህ የበሉ ሰው ናቸው።

ጋሽ ጌታቸው መጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ በ81 ዓመታቸው አረፉ። ከማዘጋጃ ቤቱ ጓድ እስከ ሊንከን ሴንተር ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን መሸለላቸውን አልተውም።

አዝማሪው ዘንድ ሞዓ አንበሳን በስልክ ከፍተን ነበር። ጊታሩ ሲገባ ፊታቸውን አጨማደዱ። ሳክስፎኑ ከላይ ተነስቶ ሲወርድ ግን እጃቸው ጉልበታቸው ላይ መምታት ጀመረ። ሲያልቅ ስልኩ ስንት ቻርጅ እንደቀረው ጠየቁን፣ ከዚያ ከመጀመሪያው እንድንደግምላቸው።