መምህርት አስቴር ጋኖ
የዘፈንን ሀብት ከመጥፋት ያዳኑ እናት

በወለጋ አገራችን ከነቀምት እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ፣ እናት ልጇን ስታባብል፣ ገበሬ በደቦ ሲያጭድ፣ ሙሽራ ሲሸኝ፣ ጀግናም በጌራርሳ ሲፎክር ዘፈን አለ። ይህ ሁሉ ሲወርድ ሲዋረድ ወደ እኛ የደረሰው በቃል ነው። በቃል የተያዘ ሀብት ግን ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ይህን ሀብት በብዕር ከጠበቁት ቀደምት ሰዎች መካከል በከተማችን ያስተማሩት አስቴር ጋኖ ይገኛሉ። እኛም የእርሳቸውን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናቀርብ ወደናል። ዘመናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቴር የተወለዱት በ1872 ገደማ ነው። በልጅነታቸው በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት በባርነት ይኖሩ ነበር። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ያዙና ነፃ ወጡ። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ባሪያ ነጋዴዎቹ አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ነጥቀዋቸዋል፤ በልባቸው የያዙትን ቋንቋና ዘፈን ግን ሊነጥቋቸው አልቻሉም።

በእምኩሉ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉሙ ነበር። ኦነሲሞስ ከወገናቸው የተለዩት ገና በሕፃንነታቸው ስለ ነበረ ቃላት ያጥራቸው ነበር። አስቴር ግን በቋንቋው መካከል አድገዋልና የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ተመረጡ። ይህም ሥራ በ1893 ለታተመው ለአዲስ ኪዳን ትርጉም ትልቅ እርዳታ ሆነ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ።

አስቴር በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። በቃል የሚያውቁትን 500 ያህል ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና እንቆቅልሽ በጽሑፍ አሰፈሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በእምኩሉ በታተመው «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው የጀማሪዎች ማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። ከኦነሲሞስ ጋርም 100 መዝሙሮች ያሉበትን መጽሐፍ አሰናድተዋል።

ሥራው ቀላል አልነበረም። መጻሕፍቱ የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው፤ ፊደሉም የድምፅን መጥበቅና መላላት አይለይም። «በዳ» ሲላላ መጥፎ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን ደጋ ማለት ነው። ስለዚህ ጀማሪው ተማሪ አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀው ነገር ሲቀርብለት ማንበቡ ይቀለዋል። ከእናቱ የሰማውን ዘፈን በመጽሐፍ ሲያገኝ ፊደሉ ያልነገረውን ዜማው ይነግረዋልና። የአስቴር ሥራ ለትምህርት የነበረው ጥቅም በዚህ ይታወቃል።

በ1904 አስቴርና ኦነሲሞስ ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ወለጋ መጡ። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በነቀምት ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤትም ተከፈተ፤ አስቴር በዚያ መምህርት ሆኑ። ኦነሲሞስ በ1931፣ አስቴርም በ1964 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የኦነሲሞስ ስም በየቦታው ሲነሳ የአስቴር ስም እምብዛም አይሰማም። እኛ ተማሪዎች ይህን ዕዳ የምንከፍለው በሥራ ነው። በዕረፍት ጊዜያችን ወደ ነጆ፣ ወደ መንዲ፣ ወደየትውልድ ቀያችን ስንሄድ ደብተርና እርሳስ እንያዝ፤ አያቶቻችን የሚያውቁትን ዘፈን ቃሉን ሳንለውጥ፣ የዘፋኙንና የቦታውን ስም ጨምረን እንጻፍ። አስቴር በስደት አገር ሆነው ከትዝታቸው የጻፉትን እኛ በአገራችን፣ በቤታችን ተቀምጠን መጻፍ እንዴት ያቅተናል?