ቄስ ጆን ራስልና ለሥራ የተመረጡ ውሾቻቸው

በሐሙሲትና በጣና ዳር ባለው አገር ውሻ የቤት ጠባቂ ነው። ሌሊት ጅብ ወይም ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፤ ቀንም ከእረኛ ጋር ወደ መስክ ይወርዳል። ከርከሮ ወደ በቆሎ ማሳ በገባ ጊዜ ገበሬው ውሻውን ጠርቶ ያሳድደዋል። ነገር ግን አውሬው ሸሽቶ ጥቅጥቅ ካለው እሾህ ውስጥ ከገባ፥ ወይም ጃርት ወደ ጕድጓዷ ከወረደች፥ ትልቁ ውሻ በውጭ ቆሞ ከመጮኽ በቀር ሌላ የሚያደርገው የለም። እንዲህ ያለው ችግር በሩቅ አገርም ነበረ። በእንግሊዝ አገር አንድ ቄስ ለእሾህና ለጕድጓድ የሚሆን ውሻ ለማግኘት ስድሳ ዓመት ያህል ደከሙ። ስማቸውም ጆን ራስል ይባል ነበር። ጆን ማለት ዮሐንስ ማለት ነው። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጆን ራስል በ1795 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፥ ዴቨን በሚባለው አውራጃ፥ ዳርትማውዝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ። አባታቸውም ቄስ ነበሩ፤ አደንንም እጅግ ይወዱ ነበር። ልጁም የአባቱን ፍቅር ወረሰ። በቲቨርተን ከተማ ባለው በብላንደል ትምህርት ቤት ሲማሩ፥ ከጓደኛቸው ጋር አዳኝ ውሾች በስውር ያኖሩ ነበር። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ከትምህርት ቤት ከመባረር ለጥቂት ዳኑ። ከዚያ በኋላ ወደ ኦክስፎርድ ሄደው ከፍተኛውን ትምህርት ተማሩ።

በኦክስፎርድ ሳሉ አንድ ቀን ከከተማው ወጥተው ሲንሸራሸሩ ወተት የሚሸጥ ሰው አገኙ። ሰውየውን አንዲት ትንሽ ውሻ ትከተለው ነበር። ጠጕሯ ነጭ ሆኖ በሁለቱ ዐይኖቿና በሁለቱ ጆሮዎቿ ላይ ቡናማ ምልክት ነበረባት፤ በጅራቷም ሥር ከአንድ ሳንቲም የማይበልጥ ነጥብ ነበረ። ጠጕሯ ጥቅጥቅ ያለና ሻካራ፥ እግሯ ቀጥ ያለ፥ ሰውነቷም ጠንካራ ነበር። ወጣቱ ተማሪ ውሻዪቱን ሳይገዙ አልተመለሱም። ስሟ ትራምፕ ይባል ነበር። የውሾቻቸው ሁሉ እናት እርሷ ሆነች።

ትራምፕ ቴሪየር ከሚባሉት ውሾች ወገን ነበረች። ይህ ስም መሬት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ውሾቹ ወደ መሬት ውስጥ ገብተው አውሬ የሚያወጡ ናቸውና። በዴቨን አገር ሰዎች በፈረስ ተቀምጠው፥ ብዙ ትልልቅ ውሾች አስከትለው ቀበሮ ያድኑ ነበር። ቀበሮ ግን ብልኅ ናት። በደከመች ጊዜ ወደ እሾሃማ ቍጥቋጦ ወይም ወደ ጕድጓድ ትገባለች። ትልልቆቹ ውሾች ሊከተሏት አይችሉም። በዚህ ጊዜ ትንሹ ቴሪየር ይላካል። ገብቶም እየጮኸ ያስጨንቃታል፤ እርሷም ወደ ሜዳ ትወጣለች።

ይህ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ነገር በአንድ ውሻ ላይ እንዲገኝ ይፈልጋል። እግሩ አጭር ከሆነ ከፈረሶች ኋላ ይቀራል፤ ደረቱ ሰፊ ከሆነ በጕድጓዱ ውስጥ ይቀረቀራል። ስለዚህ ቄስ ራስል በሁለት እጅ ሊጨበጥ የሚችል ደረት ያለው፥ ከፍታው 35 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቱ ከ6 እስከ 7 ኪሎ የሚደርስ ውሻ ይመርጡ ነበር። ጠጕሩ እሾህና ብርድ እንዲችል ሻካራ መሆን አለበት። ነጭ መሆኑም ይጠቅማል፤ ቀበሮ ቀይ ስለሆነች ትልልቆቹ ውሾች ተሳስተው ወዳጃቸውን እንዳይነክሱ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ድምፁና ጠባዩ ይፈለግ ነበር። ውሻው በጕድጓድ ውስጥ ዝም ካለ ከላይ ያሉት ሰዎች የት እንዳለ አያውቁም። ስለዚህ ሳይፈራ የሚጮኽ፥ ሳይገድልም የሚያስወጣ ውሻ ያስፈልግ ነበር።

በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች ድፍረት ይጨምራል ብለው ቴሪየርን ቡልዶግ ከሚባለው ውሻ ጋር ያዳቅሉ ነበር። ቡልዶግ መንጋጋው ብርቱ የሆነ፥ ጥንት ከኮርማ ጋር ለማታገል ያገለግል የነበረ ውሻ ነው። ከዚህ የተወለደው ቡችላ በእርግጥ ደፋር ይሆናል፤ ነገር ግን ዝም ብሎ ይነክሳል፥ የነከሰውንም አይለቅም። ቄስ ራስል ይህን መዳቀል አልወደዱም። ድፍረት ያለ ልክ ከሆነ ሥራውን እንደሚያበላሽ ዐውቀው ነበር። ስለዚህ በሥራ ከተፈተኑ ቴሪየሮች መካከል መርጠው እርስ በርሳቸው ያዳቅሉ ነበር።

የአንዲት እናት ቡችሎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይሆኑም። አንዱ ይፈራል፥ አንዱ ይቈጣል፥ አንዱ ደግሞ ልከኛ ይሆናል። ልጅ አባቱንና እናቱን ብቻ ሳይሆን አያቱንም ሊመስል ይችላል፤ በወላጆቹ ያልታየው ጠባይ በእርሱ ይገለጣል። ቄስ ራስል በሕይወት ሳሉ፥ በ1866 ዓ.ም. ግሪጎር ሜንደል የሚባል መነኵሴ አተርን እያዳቀለ ያገኘውን ምክንያት በመጽሔት አሳተመ፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነበር። ዘር አርቢዎች የሚያውቁት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በሥራ መፈተን፥ የተሻለውን መምረጥ፥ ከትውልድ እስከ ትውልድ መታገሥ ነው። የፎገራ ገበሬም እንዲሁ ያደርጋል። ኮርማ ሲመርጥ የእናቱን ወተትና የወንድሞቹን ጕልበት ይጠይቃል፤ የቀንዱን ውበት ብቻ አያይም።

ጆን ራስል በ1819 ዓ.ም. ዲቁና፥ በ1820 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። በ1826 ዓ.ም. ፔነሎፒ በሪ የምትባል ሴት አገቡ። በኋላም ስዊምብሪጅ በምትባል የዴቨን መንደር አጥቢያ ተሾመው ከአርባ ዓመት በላይ አገለገሉ። ቀድሞ በዚያች ቤተ ክርስቲያን በእሑድ አንድ ጸሎት ብቻ ይደረግ ነበር፤ በእርሳቸው ዘመን ግን ጸሎቱ በዛ። ድምፃቸው ብርቱ፥ ልባቸውም ለድኻ የቀረበ ስለ ነበረ ሕዝቡ ወደዳቸው።

ሆኖም ፈተና ነበረባቸው። የኤክሰተር ጳጳስ ሄንሪ ፊልፖትስ ካህን የአደን ውሾች ማኖሩ አይገባውም ብለው ገሠጿቸው። ቄስ ራስልም ውሾቹን እተዋለሁ ካሉ በኋላ ለሚስታቸው ሰጡ ተብሎ ይነገራል። ይህ ነገር ብዙ ሰው ያስቃል፤ ነገር ግን የሚመሰገን አይደለም። ቃልን በብልኀት ማምለጥ ቃልን ከመጠበቅ ጋር አንድ አይደለምና። ደግሞም ፈረስና ውሻ ብዙ ወጪ ያስወጣሉ። በዚህ ምክንያት ከሚስታቸው ወገን የመጣው ሀብት አለቀ፥ በእርጅናቸውም ድኽነት አገኛቸው። ቡችሎችን ሲመርጡ ልክን የሚፈልጉት ሰው በራሳቸው ፍቅር ላይ ልክ ማድረግ አቃታቸው።

በ1873 ዓ.ም. በእንግሊዝ የውሻ ዘር የሚመዘገብበት ማኅበር በተቋቋመ ጊዜ ቄስ ራስል ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። በውሾች ውድድርም ዳኛ ሆነው ተቀመጡ። ይሁን እንጂ የራሳቸውን ውሾች ለውድድር አላቀረቡም። በአደባባይ የሚሸለመው ውሻ ለመልኩ ሲል እየተመረጠ፥ ሥራው እየተረሳ መሄዱን ተመለከቱ። ጕድጓድ ገብቶ የማያውቅ ውሻ ድፍረት እንዳለው ሽልማት ሊመሰክርለት አይችልም። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት፥ በኋላም ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ የተባሉት ልዑል ግን ወዳጃቸው ነበሩ፤ የትራምፕንም ሥዕል ገዝተው በቤታቸው አኖሩ።

ቄስ ራስል በ1883 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በ87 ዓመታቸው ዐረፉ። በስዊምብሪጅ ሲቀበሩ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ አለቀሰላቸው። ስማቸው ግን በውሾቹ ላይ ቀረ። የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር በ1990 ዓ.ም. ይህን ዘር በቄሱ ስም ተቀብሎ መዘገበ። ቀበሮን በብዙ ውሾች ማሳደድ በእንግሊዝ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ ውሾች በሰው ቤት ይኖራሉ። ነገር ግን ከአያቶቻቸው የወረሱት ጠባይ አልጠፋም። ባለቤታቸው ሥራ ካልሰጣቸው ጓሮውን ይቈፍራሉ፥ ቀኑን ሁሉም ይጮኻሉ። የተመረጠው ጠባይ መራጩ ከሞተ በኋላ እንኳ ይሠራል።

ከቄስ ራስል ሕይወት ሁለት ትምህርት ይገኛል። ፊተኛው፥ አንድ ነገር የሚመረጠው ለተፈለገበት ሥራ በመብቃቱ እንጂ በመልኩ እንዳይደለ ነው። ብርቱ መንጋጋ ጥሩ ነው፤ ለጕድጓድ ግን ድምፅ ይበልጣል። ሁለተኛው፥ መልካም ነገርም ልኩን ካለፈ ባለቤቱን እንደሚያደኸይ ነው። ብልኅ ተማሪ ከእርሳቸው ትዕግሥትንና አስተዋይነትን ይወስዳል፤ ልክ ማጣትን ግን ይተዋል። ሰውን ሲመዝንም በልብሱ ሳይሆን በሥራው ይመዝነዋል።