አንድ ባዶ መቀመጫ፦ አብርሃም ሊንከንና የ1854ቱ የሳንጋሞን ማሟያ ምርጫ

መግቢያ

የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል በሞት ሲለይ፣ በፈቃዱ ሲለቅ ወይም ወደ ሌላ ኃላፊነት ሲሄድ መቀመጫው ባዶ ይሆናል። ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ገሚሶቹ ይህን ባዶ ቦታ በሹመት ሲሞሉ፣ ሌሎቹ ጉዳዩን መልሰው ለመራጩ ሕዝብ ያቀርባሉ። ይህ ሁለተኛው መንገድ ማሟያ ምርጫ ይባላል። ማሟያ ምርጫ የሚካሄደው ለአንድ ወንበርና በአንድ አካባቢ ብቻ ስለሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። በአብርሃም ሊንከን ሕይወት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ አንድ ጊዜ ታላቅ ቦታ ይዞ ይገኛል። ሊንከን በ1854 ዓ.ም. ያሸነፈውን የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የምክር ቤት መቀመጫ ሳይረከብ ተወው፤ መቀመጫውም በማሟያ ምርጫ በተቃዋሚው ወገን እጅ ገባ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሊንከንን ሕይወት በዚህ ክስተት ዙሪያ በመተረክ፣ የተመረጠ ሰው ወንበሩን ሲተው ከመራጩ ጋር የገባውን ቃል ምን ላይ እንደሚጥለው ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከገጠር ልጅነት እስከ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት

ሊንከን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 በኬንታኪ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በሰባት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኢንዲያና ተሻገረ፤ እናቱንም በዚያው በ1818 በሞት አጣ። መደበኛ ትምህርቱ ተጠራቅሞ አንድ ዓመት የማይሞላ ነበር። በ1830 ቤተሰቡ ወደ ኢሊኖይ ተዛወረ፤ በማግስቱም ዓመት ሊንከን ራሱን ችሎ ኒው ሳሌም በተባለች ትንሽ መንደር ተቀመጠ። በዚያም በሱቅ ሠራተኛነት፣ በፖስታ ቤት ኃላፊነትና በመሬት ቀያሽነት ኖረ።

በ1832 ለኢሊኖይ ተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ። ሕዝብ በቀጥታ በሰጠው ድምፅ የተሸነፈው በዕድሜው ሙሉ በዚህ ምርጫ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመረጠ፤ በ1836፣ በ1838 እና በ1840ም መራጩ መልሶ ላከው። ሕግን በግሉ አጥንቶ ጠበቃ የሆነውና የክፍለ ግዛቱ ርእሰ ከተማ ከቫንዳሊያ ወደ ስፕሪንግፊልድ እንዲዛወር ከሳንጋሞን ካውንቲ ባልደረቦቹ ጋር የታገለውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። ስለዚህ የሳንጋሞን መራጮች ሊንከንን ያወቁት በአገር መሪነቱ ሳይሆን፣ አራት ጊዜ መርጠው የላኩት የአካባቢያቸው ተወካይ ሆኖ ነበር። ከ1847 እስከ 1849 በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት አንድ የሥራ ዘመን አገልግሎ ሲመለስ ጊዜውን በአብዛኛው ለጥብቅና ሥራው ሰጠ።

የ1854 ዓ.ም. ቀውስ

ሊንከንን ወደ ፖለቲካ የመለሰው በሜይ 1854 የጸደቀው የካንሳስና ነብራስካ ሕግ ነው። በ1820 የተደረሰው ስምምነት ባርነት ወደ ሰሜናዊው የምዕራብ ግዛት እንዳይስፋፋ ድንበር አበጅቶ ነበር። የኢሊኖዩ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ስቲቨን ዳግላስ ያራመደው አዲሱ ሕግ ግን ይህን ድንበር አፍርሶ ውሳኔውን ለሰፋሪዎቹ ተወ። ሊንከን ኦክቶበር 4 ቀን በስፕሪንግፊልድ፣ ኦክቶበር 16 ቀን ደግሞ በፒዮሪያ ባደረጋቸው ረጃጅም ንግግሮች ሕጉን ነቀፈ። የባርነት መስፋፋት የአገሪቱን የነጻነት መሠረት እንደሚንድ ተከራከረ፤ ስሙም ከሳንጋሞን ውጭ መነሣት ጀመረ።

በዚሁ ወቅት ደጋፊዎቹ ለክፍለ ግዛቱ ተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ አደረጉት። ሐሳቡ የሊንከን የራሱ አልነበረም። ለዋሽንግተን ምክር ቤት ዳግም የሚወዳደረው ሪቻርድ ዬትስ የሊንከን ስም አብሮ ቢወጣ ይጠናከራል ተብሎ የተወጠነ ነበር። ወዳጁ ሐኪሙ ዊልያም ጄይን ዕጩነቱን በጋዜጣ ሲያሳውቅ የሊንከን ባለቤት ሜሪ ቶድ ስሙን አሰረዘች፤ ጄይን ግን ሊንከንን አግባብቶ ስሙ እንዲመለስ አደረገ። ኖቬምበር 7 ቀን በተካሄደው ምርጫ ሊንከንና የቀድሞ የጥብቅና ባልደረባው ስቲቨን ሎጋን የሳንጋሞንን ሁለት መቀመጫዎች አሸነፉ። ምርጫው የታሰበለት ዬትስ ግን ተሸነፈ።

መቀመጫውን የመተው ውሳኔ

የምርጫው ውጤት ያልታሰበ በር ከፈተ። በዚያን ዘመን የዩናይትድ ስቴትስን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት የሚመርጡት የክፍለ ግዛት ሕግ አውጪዎች ነበሩ። የኢሊኖዩ ጄምስ ሺልድስ የሥራ ዘመን ሊያበቃ ስለነበር አዲሱ ሕግ አውጪ ተተኪውን መምረጥ ይጠበቅበታል። በጠቅላላው 100 መቀመጫ በነበሩት ሁለቱ የኢሊኖይ ምክር ቤቶች ደግሞ የነብራስካን ሕግ የሚቃወሙ ወገኖች ተደምረው ብልጫ አግኝተዋል። ሊንከን ይህን ወንበር አጥብቆ ፈለገው።

ይሁን እንጂ በ1848 የወጣው የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል በተመረጠበት ዘመን ውስጥ በዚያው ምክር ቤት ለዋሽንግተን እንዳይመረጥ ይከለክል ነበር። ሊንከን አንዱን መምረጥ ነበረበት። ኖቬምበር 25 ቀን ለካውንቲው ጸሐፊ በጽሑፍ ባሳወቀው መሠረት መቀመጫውን ሳይቀበል ቀረ። ከተመረጠ ገና 18 ቀኑ ነበር።

የሕግ ጥያቄው በዚህ አልተቋጨም። የክፍለ ግዛት ሕገ መንግሥት ለዋሽንግተን ምክር ቤት ተመራጮች ተጨማሪ መስፈርት ማውጣት ይችላል ወይ የሚለው ነጥብ በ1856 ከኢሊኖይ በተነሣ ሌላ ጉዳይ ተመረመረ፤ የዋሽንግተኑ ምክር ቤትም ክልከላው እንደማያስረው ወሰነ። በዚህ መሠረት ሲታይ ሊንከን ወንበሩን መልቀቁ በሕግ ግዴታ ላይሆን ይችል ነበር። በ1854 ግን ጥቂት ድምፆች በሚወስኑት ፉክክር ለተቃዋሚዎቹ እንዲህ ያለ የመከራከሪያ ቀዳዳ መተው አደገኛ ነበር።

የዲሴምበር 23 ቀን ምርጫ

ባዶውን መቀመጫ ለመሙላት ዲሴምበር 23 ቀን 1854 ማሟያ ምርጫ ተካሄደ። የሊንከን ወገን ያቀረበው ኖርማን ብሮድዌልን ነበር። ሊንከን ከሳምንታት በፊት በሰፊ ብልጫ ያሸነፈበት ወንበር ስለሆነ ውጤቱ የሚያጠራጥር አልመሰለም። ዴሞክራቶች በበኩላቸው ሰልፍና ንግግር ሳያበዙ ደጋፊዎቻቸውን በጸጥታ አዘጋጁ። ድምፁ ሲቆጠር አሸናፊው የእነርሱ ዕጩ ጆናታን ማክዳንኤል ሆነ።

ሽንፈቱን በሦስት ምክንያቶች ማስረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ በሊንከን ደጋፊዎች ዘንድ ቅሬታ ነበረ፤ ለአንድ ሥራ የመረጡት ሰው ሥራውን ሳይጀምር ከፍ ወዳለ ሹመት መመልከቱን ብዙዎች አልወደዱትም። ሁለተኛ፣ በድል ማግስት የሚመጣ ምርጫ አሸናፊውን ያዘናጋል፤ የተሸነፈውን ግን ያነቃቃል። ሦስተኛ፣ በክረምት ለአንድ ወንበር ብቻ በሚደረግ ምርጫ የመራጩ ቁጥር ስለሚያንስ በደንብ የተደራጀ ጥቂት ወገን ሚዛኑን ሊገለብጥ ይችላል። እነዚህ ሦስት ምክንያቶች ከሳንጋሞን ውጭም የማሟያ ምርጫዎች የተለመዱ ጠባያት ናቸው።

የዐሥር ዙር ድምፅ

በጃንዋሪ 1855 የጣለው ከባድ በረዶ ስፕሪንግፊልድን ከአካባቢዋ ስለቆረጣት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ምርጫው እስከ ፌብሩዋሪ 8 ቀን ዘገየ። በመጀመሪያው ዙር ሊንከን 44፣ ሺልድስ 41፣ የነብራስካን ሕግ የተቃወመው ዴሞክራት ላይማን ትራምቡል ደግሞ 5 ድምፅ አገኙ። ለማሸነፍ ግን ሃምሳ ያህል ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ለትራምቡል የቆሙት አምስቱ፣ ከእነርሱም መካከል ኖርማን ጀድና ጆን ፓልመር፣ ዴሞክራት ሆነው ለተመረጡበት ወገን በነበራቸው ታማኝነት ለዊግ ፓርቲ ሰው ድምፅ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆኑም።

ዙሩ ሲደጋገም የዳግላስ ወገን ሺልድስን ትቶ ወደ ክፍለ ግዛቱ አስተዳዳሪ ወደ ጆኤል ማቲሰን ዞረ። በዘጠነኛው ዙር ማቲሰን 47 ሲደርስ ትራምቡል 35፣ ሊንከን 15 ብቻ ቀረላቸው። በዚህ ጊዜ ሊንከን የቀሩት ታማኞቹ ለትራምቡል ድምፅ እንዲሰጡ ጠየቀ። ሎጋን ቢከብደውም ታዘዘ። በዐሥረኛው ዙር ትራምቡል በ51 ድምፅ ተመረጠ።

በሳንጋሞን የጠፋው ወንበር ሊንከንን ያሸነፈው በቁጥር ነው ማለት አይቻልም። በተለያዩ ዙሮች ለሊንከን ድምፅ የሰጡት አባላት ሁሉ ተደምረው 47 ነበሩ፤ አንድ ድምፅ ቢጨመርም አይበቃውም ነበር። ጉዳቱ ሌላ ነው። አብላጫው በቀጠነበት ምክር ቤት እያንዳንዱ ወንበር የሚመነዘር ሀብት ነበር። ከዚያም በላይ፣ ከሌሎች ካውንቲዎች የመጡ አባላትን ድጋፍ የሚለምነው ሰው በገዛ ካውንቲው የነበረውን ወንበር ለተቃዋሚ አስረክቦ ነበር የቀረበው።

ሽንፈቱ በቤተሰብም ላይ ጠባሳ ተወ። የትራምቡል ባለቤት ጁሊያ ጄይን የሜሪ ቶድ የሰርግ ሚዜ የነበረች፣ የዊልያም ጄይንም እኅት ናት። ከዚያ ቀን በኋላ የሁለቱ ሴቶች ወዳጅነት ተቋረጠ።

የኋለኛው ዘመን

ሊንከን በፌብሩዋሪ 8 ቀን ያደረገው ነገር በዲሴምበር ካጋጠመው ጋር ሲነጻጸር ትርጉሙ ይጎላል። በኖቬምበር ለከፍተኛ ወንበር ሲል ትንሹን ወንበር ተወ፤ በፌብሩዋሪ ደግሞ የተነሣለት ዓላማ እንዳይሸነፍ ሲል ከፍተኛውን ወንበር ራሱ ለሌላ አሳለፈ። የመጀመሪያው ውሳኔ መራጮቹን አስቀየመ፤ ሁለተኛው ግን በአንድ ወቅት የራቁትን ሰዎች አቀረበለት። ጀድና ፓልመር በ1856 በኢሊኖይ በተደራጀው የሪፐብሊካን ፓርቲ ከሊንከን ጎን ቆሙ። በ1858 ፓርቲው ሊንከንን አስቀድሞ ብቸኛ ዕጩው አድርጎ ሰየመው። ሊንከን ከዳግላስ ጋር ክፍለ ግዛቱን እየዞረ ተከራከረ፤ በምክር ቤቱ ድምፅ ግን 54 ለ46 ተሸነፈ። በ1860 በቺካጎ በተካሄደው የፓርቲው ጉባኤ የሊንከንን ስም ለፕሬዚዳንትነት ያቀረበው ያው ጀድ ነበር።

ሊንከን በኖቬምበር 1860 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ አገሪቱንም በእርስ በርስ ጦርነት ዘመን መራ። ባርነትን በሕገ መንግሥት የሻረው ዐሥራ ሦስተኛው ማሻሻያ በዋሽንግተን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲመከርበት የፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴው ሰብሳቢ በ1855 ሊንከን ወንበሩን የለቀቀለት ትራምቡል ነበር። ማሻሻያው በጃንዋሪ 31 ቀን 1865 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ሊንከን ኤፕሪል 14 ቀን በጥይት ተመቶ በማግስቱ አረፈ።

ማጠቃለያ

የሳንጋሞን ማሟያ ምርጫ የሚያስረዳው የምክር ቤት መቀመጫ የተመራጩ የግል ንብረት እንዳልሆነ ነው። ሊንከን ወንበሩን መተው ይችል ነበር፤ ለፈለገው ሰው ማውረስ ግን አይችልም ነበር። መቀመጫው ባዶ በሆነ ጊዜ ሥልጣኑ ወደ ምንጩ፣ ወደ መራጩ ተመለሰ፤ መራጩም ቅሬታውን በድምፁ ገለጠ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ተለውጧል። ከ1913 ጀምሮ የዋሽንግተን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣሉ። በኢሊኖይ ደግሞ በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የሚጓደል መቀመጫ ዛሬ የሚሞላው በማሟያ ምርጫ ሳይሆን፣ ከለቀቀው አባል ፓርቲ በሚሾም ሰው ነው። ይህ አሠራር ወጪን ይቆጥባል፣ ወንበሩም ለረጅም ጊዜ ባዶ እንዳይቆይ ያደርጋል። በአንጻሩ በዚህ ሥርዓት የ1854ቱ መቀመጫ ከሊንከን ወገን ሳይወጣ ይቀር ነበር፤ የሳንጋሞን ሰዎችም ቅሬታቸውን የሚገልጹበትን ቀን አያገኙም ነበር። በሹመትና በማሟያ ምርጫ መካከል የሚደረገው ክርክር ከወጪና ከጊዜ ባሻገር ይህንንም ሊመዝን ይገባል።